የእሳቱ ሽታ እንኳ

እንኳን ለታኅሣሥ ቅዱስ ገብርኤል በሰላም አደረሳችሁ ወዳጆቼ! ቁልቢ ለደረሳችሁም፣ በየደብሩ ጧፍ ይዛችሁ ለቆማችሁም፣ በሰው አገር ሥራ ላይ ለዋላችሁም።

ሌላ ጊዜ በዚህ ቀን አንድ ፎቶ ለጥፌ አልፋለሁ። ዘንድሮ ግን የማወራው አለኝ። የቆየ ነው፤ 6 ዓመት ሆነው።

የታኅሣሥን ብርድ ታውቁታላችሁ። ለበዓሉ 3 ቀን ሲቀረው፣ ማታ ቡና ከተጠጣ በኋላ እማዬ «ከሰሉ ለምን ይባክናል፣ ቤቱን ያሙቅልን» ብላ ምድጃውን ወደ መኝታችን አስገባችው። መስኮቱ ጥርቅም፣ በሩ ቁልፍ። ተኛን። ለካ የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት ጋዝ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ እንደተኙ ይዞ ይሄዳል። (እባካችሁ፣ ዛሬ ማታም ከሰል ይዛችሁ ቤት አትዝጉ።)

ጎረቤታችን እማማ ሙስሊም ናቸው። ግድግዳችን አንድ ነው። እሳቸው ለሱብሒ ሲነሱ እማዬ ለኪዳን ትወጣለች፤ ሁልጊዜ የበራችንን መንጓጓት ይሰማሉ። የዚያን ቀን አልሰሙም። አንኳኩ፤ ዝም። ልጃቸውን ቀሰቀሱት፤ በሩን በትከሻው ገነጠለው። እኔ የማስታውሰው ግቢው ሲሚንቶ ላይ ተጋድሜ፣ ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ፣ ሰማዩን ሳይ ነው። በአንድ ጆሮዬ «አልሐምዱሊላህ»፣ በሌላው «ገብርኤል፣ ገብርኤል»።

በ19 እማዬ ጃንጥላ አስገባች። ሰው ተስሎ ነው የሚድነው፤ መጀመሪያ ድኖ በኋላ የተሳለ ግን እሷን ብቻ ነው የማውቀው።

የዛን ዕለት ቄሱ የሠለስቱ ደቂቅን ታሪክ ሲያነቡ እንደ አዲስ ሰማሁት። ናቡከደነፆር 60 ክንድ የወርቅ ምስል አቁሞ ስገዱ አለ። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል እምቢ አሉ። እቶኑ 7 እጥፍ ነደደ፤ የጣሏቸውን ወታደሮች ሳይቀር ነበልባሉ ገደላቸው። ንጉሡ ግን ሦስት ጥሎ አራት አየ። ሲወጡ ጠጉራቸው አልተነካም፤ የእሳቱ ሽታ እንኳ አልነበረባቸውም።

እኛ ግን ሸትተናል። እማዬ ለሳምንት ያህል ራሷን አሟታል። እኔም እስከዛሬ የከሰል ሽታ ሲሰማኝ መስኮት ነው የምፈልገው።

ከታሪኩ ሁሉ ውስጤ የቀረው ግን ወደ እሳቱ ከመጣላቸው በፊት የተናገሩት ነው። «አምላካችን ሊያድነን ይችላል» አሉ፤ ቀጥለውም ባያድነንም አንሰግድም አሉ። ይቺን «ባያድነንም» ብዙ ጊዜ ዘለን ነው የምናወራው። ምስጋና ስናቀርብ አንዳንዴ ጉራ ይመስልብናል፤ እኔ ስለምጸልይ ዳንኩ የምንል ያህል። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ከእኛ ይልቅ የምትጸልይ አንዲት የሰፈራችን እናት በጎርፍ ልጇን ተነጥቃለች። በ19 ከእማዬ አጠገብ ቆማ ነበር። ጧፏን ከእማዬ ጧፍ ለኮሰች። እኔ ያን ቀን አንገቴን ቀና አድርጌ «አዳነኝ» ማለት ከበደኝ። ተመስገን አልኩ፤ ቀስ ብዬ።

አሁንም የማውቀው ይሄንኑ ነው። ለምን እኛ ተረፍን ብትሉኝ መልስ የለኝም። በማን እጅ እንደተረፍን ግን አውቃለሁ፤ ቄሱ አራተኛው ብለው ሲያነቡ እኔ የታየኝ አንድ ነጠላ ጫማ ያደረገ፣ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ጎረምሳ ነው።

ዛሬ ጠዋት እማዬ ድፎውን ቆርሳ የመጀመሪያውን ቁራሽ በሳህን ይዛ ግድግዳውን ዞራ ሄደች። እንደየዓመቱ። የበራችን ቁልፍ እስካሁን እንደተጣመመ ነው። ላስቀይረው ባልኩ ቁጥር «ተወው፣ ይዘጋል እኮ» ትላለች።

ቡናው ደርሷል፤ እየጠሩኝ ነው። መልካም በዓል።