በሩ ክፍት ሆኖም ብቸኝነት አለ

ቤሩት በሰው ቤት ስሠራ ብቸኝነት ማለት ከውጭ የተቆለፈ በር ነበር። ፓስፖርቴም አሠሪዎቼ ጋ ነው። ከአገሬ ልጆች ጋር የማወራው ማታ ማታ፣ ወጥ ቤት ተደብቄ፣ በኢሞ ነበር። የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ደመወዜ ቆመ። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ወደቡ ሲፈነዳ ደግሞ ልቤ ቆረጠ። ተመለስኩ።

ጎንደር ስገባ እናቴ የለችም። አብሮ አደጎቼ አንዷ አዲስ አበባ፣ አንዷ ባሕር ዳር ናቸው። ሰፈሩ አልጠላኝም፣ እንዲያውም አከበረኝ። ቡና ስጠራ ጥሩው ወንበር ለእኔ ነው። ስኒ ላጥብ ስነሳ «ኧረ ተይ፣ አንቺ ተቀመጪ!» ይሉኛል። ከዚያ ጥያቄው ይጀመራል። ስንት ይከፍላሉ? ቤት ሠራሽ? መኪናስ? ከዓረብ አገር ባዶ እጇን የተመለሰች ሴት ቤቷን ዘግታ የምትውለው ለዚህ ነው። ሰው ጠልታ አይደለም። መልሱ ስለሚከብዳት ነው።

እኔን ከቤት ያወጣኝ ለቅሶ ነው። ክረምት ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሄድኩ። ጥግ ይዤ ልቀመጥ ስል አንዲት የሰፈር እናት ከጓሮ ጠሩኝ።

«ነይ እስቲ አንቺ ልጅ፣ ይችን ሽንኩርት ላጪ።»

አንድ ጆንያ ሽንኩርት፣ እጀታው የላላ ቢላዋ፣ እርጥብ እንጨት የሚያጨስ ምድጃ። ዙሪያዬን የተቀመጡት ሴቶች ስለ ሟች ያወራሉ፣ ቢላዋ ይቀባበላሉ። አንዷ «አንቺ፣ ደቀቅ አድርጊው እንጂ!» ብላ ተቆጣችኝ። በጣም ደስ አለኝ። እንግዳን ማን ይቆጣል? ስለ ቤሩት የጠየቀኝ አልነበረም። ስወጣ እኒያ እናት «ነገ በጠዋት ነይ፣ እንጀራ የሚቀበል ሰው የለንም» አሉኝ። ከተመለስኩ ወዲህ የሚፈልገኝ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ እድር ገባሁ። መመዝገቢያውን ከፈልኩ፣ ወርሃዊውንም እከፍላለሁ። ለቅሶ የቀረ ይቀጣል። ሌላው በቅጣቱ ያማርራል፣ እኔ ግን እወደዋለሁ። ስቀር የት ገባች የሚል ሰው አለ ማለት ነው። በእድሩ በኩል የሥላሴ ማኅበር አገኘሁ። በየወሩ በ7 ተራ በተራ ነው የሚደገሰው።

ከስደት ተመልሰሽ ጎንደር ያለሽ እህቴ፣ ቡና እስኪጠሩሽ አትጠብቂ። የሰፈርሽን እድር ዳኛ ጠይቂና ተመዝገቢ። ገንዘቡ ካጠረሽ ንገሪያቸው። ለቅሶ ቤት ስትገቢም ከድንኳኑ ይልቅ ወደ ጓሮ እለፊ። እዚያ ሥራ አይጠፋም፣ ሥራ እየሠራሽ ደግሞ ወሬው ራሱ ይመጣል።

የማኅበሩ ጽዋ አሁን እኔ ቤት ነው። ተራዬ ጥር 7፣ ሥላሴ በሚነግሥበት ቀን ደረሰኝ። ጌሾውን ወቅጠናል። ከኩዌት የተመለሰች አንዲት ልጅ ጠላውን አብራኝ ልትጠምቅ ቅዳሜ ትመጣለች፣ ድፎ ዳቦው የእኒያ እናት ነው።