ጭቃ ፍለጋ ወደ ባሬንትስ ባሕር

የባሕር ወለል ጭቃ ከሚያጠና ቡድን ጋር ከሰሜን ኖርዌይዋ ከተማ ከትሮምሶ የተነሣነው ሐምሌ መባቻ ላይ ነው። የሐዋርያት ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ፀሐይዋ አትጠልቅም፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ዓይኔን በእጄ እከልላለሁ። የመርከቧ ምግብ አብሳይ ሥጋ እንደማልበላ ስነግረው ፊቱ በራ። «ዓሣ አለ!» ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚህም ድረስ ተከተለኝ። ድንች መረጥኩ። በማግስቱ ማዕበሉ ሲነሣ ድንቹም ሆዴ ውስጥ አልረጋም። ባሕር ዳር ያደግኩ፣ ውኃ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ!

የምንሄደው ቢዮርንዮይረና ወደሚባለው ቦታ ነው። ከኖርዌይ በስተሰሜን ባለው ባሬንትስ ባሕር፣ በኖርዌይና በድብ ደሴት መካከል ያለ የባሕር ውስጥ ሸለቆ ነው፤ ጥልቀቱ 400 ሜትርን ያልፋል። ከ20 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ይህ ሁሉ በረዶ ነበር። የሚንሳፈፍ በረዶ እንዳይመስላችሁ። ሆዱን ወለሉ ላይ ጥሎ የተኛ፣ ወደ ምዕራብ እየተንፏቀቀ ጥልቁ ውቅያኖስ የሚጀምርበት አፋፍ የደረሰ በረዶ ነው።

የእኔ ተራ ሌሊት ነበር። ሶናሩ ወደ ታች ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ነጥሮ ሲመለስ የወለሉ መልክ ስክሪኑ ላይ በቀለም ይሳላል። መጀመሪያ የታየኝ እርሻ ነው። እውነቴን ነው፣ ትልም! ቀጥ ብለው ጎን ለጎን የሚሄዱ፣ በረዶው ሲንሸራተት የቀደዳቸው ረጃጅም ትልሞች። ቆየት ብሎ የሰከረ ገበሬ ያረሰው የሚመስል መጣ፤ አንዱ በሌላው ላይ ይጠማዘዛል። ይሄ የተገነጠሉ የበረዶ ተራሮች ሥራ ነው። እየተንሳፈፉ፣ ታችኛው ጫፋቸው ወለሉን እየጫረ፣ ነፋስና ሞገድ እንደወሰዳቸው ሄደዋል። አልፎ አልፎ ደግሞ ሸለቆውን አቋርጦ የተጋደመ የደለል ጉብታ አለ። በረዶው ሲሸሽ ቆም ብሎ የጎተተውን ያራገፈበት ቦታ ነው። ሽሽቱ አንድ ወጥ አልነበረም፤ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሮጣል።

መቼ ሸሸ ለሚለው ግን ጭቃው ነው የሚጠየቀው። ረጅም የብረት ቱቦ፣ አናቱ ላይ እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት ተጭኖበት፣ በገመድ ይወርድና በክብደቱ ወለሉ ውስጥ ይሰካል። የመጀመሪያው አፉ ታጥፎ ባዶውን ወጣ። ድንጋይ አግኝቶት ነው። ሁሉም ዝም አለ። ሁለተኛው ሁለት ሜትር ተኩል ይዞ መጣ።

የመጣው ጭቃ ለሁለት ሲሰነጠቅ ላይኛው ክፍል ለስላሳ፣ አረንጓዴ ጠቀስ የሆነ፣ ዛጎል ያለበት ጭቃ ነው፤ የዛሬው ባሕር። ከሥሩ ስስ ስስ ሆኖ የተነባበረ ግራጫ ጭቃ ይመጣል፤ በረዶው ሲሸሽ የቀለጠው ውኃ ያመጣው። እዚያ ቅቤ የመሰለ ጭቃ መሃል ሽምብራ የምታህል ቀይ ድንጋይ ቁጭ ብላለች። በላይዋ ያለፈ የበረዶ ተራራ ሲቀልጥ ጥሏት ነው። ታችኛው ጫፍ ጠጠርና ጭቃ ተለውሶ ጠጥሯል፤ ጣቴ አልገባ አለ። በረዶው ራሱ የረገጠው ነው። የቡድኑ መሪ ከላይኛው ጭቃ ቆንጥራ ጥርሷ ላይ አደረገች። «አሸዋ የለውም» አለች። እኔም ቀመስኩ፤ ጨው ጨው ይላል። ጾም ያስገድፍ እንደሆነ የምጠይቀው ቄስ አጠገቤ አልነበረም።

ዕድሜውን የምትናገረው ፎራሚኒፌራ የምትባል ባለ አንድ ሴል ፍጥረት ናት። ዛጎሏ ከጤፍ ያንሳል፤ በአጉሊ መነጽር ሲያዩዋት ግን የፈነዳ ፈንዲሻ ትመስላለች። ጭቃው በወንፊት ይታጠባል፣ ከዚያ በእርጥብ ብሩሽ አንድ በአንድ ትለቀማለች፤ ዛጎሏ ውስጥ የቀረው፣ ዘመን በገፋ ቁጥር እየቀነሰ የሚሄደው ካርቦን 14 ይለካል። ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አብዛኛው በረዶ ከባሬንትስ መጥፋቱ የታወቀው በእንዲህ ያለ ለቀማ ነው። ይህን ሁሉ መከራ የሚያዩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬም አብዛኛው የምዕራብ አንታርክቲካ በረዶ እንደዚያኛው ከባሕር ጠለል በታች ባለ ወለል ላይ ተኝቷል፤ የባሬንትሱ እንዴት እንደሸሸ ማወቅ ይሄኛው ምን ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል።

መሪዋ አገሬን ጠየቀችኝ። ባሕር ዳር ስላት «ጣና!» ብላ ጮኸች። እዚያም ደለል ተወስዶ እንደተጠናና ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ እንደነበር ነገረችኝ። በዚያው ዘመን የበረዶ ተራሮች ሰሜን አትላንቲክን ሞልተው ውኃውን አቀዝቅዘውት ነበር፤ ተመራማሪዎች የእኛን ዝናብ መጥፋት ከዚያ ጋር ያያይዙታል። በኋላ የሐይቁ ወለል ላይ ደንገል በቀለ።

ትሮምሶ እንደገባሁ እናቴ ጋ ደወልኩ። ጣና ድሮ ደርቆ ነበር አልኳት።

«ማን አይቶ?» አለች። ቀጥላም፣ «ጾሙንስ እንዴት አረግከው?»