እንግሊዝ አገር ልትመጡ ላሰባችሁ፦ ቁጥሩን ተጠንቀቁ

አገር ቤት ያሉ ጓደኞቼ ሰሞኑን በቴሌግራም «አንተ እንግሊዝኛ ድሮም ትችላለህ፣ እዚያ ምን ይቸግርሃል?» እያሉ ያደርቁኛል። ሰዋስው አልቸገረኝም። የቸገረኝ ቁጥር ነው። እኛ ትምህርት ቤት ዋን፣ ቱ፣ ስሪ ብለን ወጣን፤ እነሱ ግን የአያት የቅድመ አያቶቻቸውን አቆጣጠር ዛሬም በየቀኑ ያወሩበታል።

የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሥራ ስጀምር አለቃዬ «ደሞዝ በየፎርትናይቱ ነው» አለችኝ። ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኳት። ያልገባን ነገር መጠየቅ ደግሞ ነውር አይደለም። እሷ ግን ሻይ የሚጠጣው ሠራተኛ ሁሉ እያየ አሥር ጣቷን ዘረጋች፣ አጠፈች፣ ከዚያ አራት ጣት አውጥታ «ፎር…ቲን… ናይትስ» አለችኝ፣ አፍ ያልፈታ ሕፃን የምታናግር ይመስል። እኔ እኮ አገሬ ላይ በዲግሪ ተመርቄ ሠርቼ የመጣሁ ሰው ነኝ! ሁለት ሳምንት ነው ብትለኝ ምን ነበረበት? አሁንም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል።

ሰዓት ላይ ግን እኛን የሚያህል የለም። «ሃፍ ሰቨን ግቡ» ሲሉን እኔ ሰባት ተኩል ብዬ ሰማሁት፣ ልክ ነው፤ በኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ፖላንዳዊው ባልደረባዬ ስድስት ተኩል ላይ መጥቶ በር ላይ ተገትሮ ጠበቀ። በእነሱ ቋንቋ ግማሽ ሰባት የሚባለው ስድስት ተኩል ነዋ።

ቤንዚን በሊትር ይቀዳሉ፣ መንገዱን በማይል ይለካሉ፣ ሰውን ደግሞ በስቶን ይመዝናሉ። አንድ ስቶን 14 ፓውንድ ነው፤ 11 ስቶን ነኝ ያለ ሰው 70 ኪሎ ገደማ ነው። እንዲህ ሆነው የኛ 13 ወር ይገርማቸዋል።

ከሁሉም ደስ ያለኝ አንድ አዛውንት ያሉኝ ነው። ሰማንያን ሊደፍኑ ነው። «ስሪ ስኮር ኤንድ ቴንን ካለፍኩ ቆየሁ» አሉኝ። ስኮር ሃያ ነው፤ ሦስት ሃያና አሥር፣ ሰባ ማለታቸው ነው። አነጋገሩ ከድሮው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ነው፤ አባቴ ከሚደግመው ዳዊት ውስጥ ያለው፣ የሰው ዕድሜ ሰባ፣ ቢበረታ ሰማንያ የሚለው ቃል ነው። በአማርኛ ስልላቸው «እስቲ ድገምልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው። ያን ቀን ኩራት ተሰማኝ።

ልትመጡ ያሰባችሁ ልጆች፣ ለፈተና የሸመደዳችሁት ቃል ብቻ አይበቃችሁም፤ እነዚህንም ልመዱ። በተለይ ደሞዝ ላይ አትፈሩ። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን የሠራሁት ነው፣ በስንት ቀን ነው ባንክ የሚገባው ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀኑንም በቁጥር አስጽፉ። ደሞዙ በየሁለት ሳምንቱ ቢሆንም ብዙ ቦታ የቤት ኪራይ በወር ነው የሚከፈለው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዋን ደሞዝ እንደገባች ለቤተሰብ አትላኳት።