ካርተሮችን ፍለጋ ኖርዘርን ኔክ ድረስ

አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሐበሻ ቨርጂኒያን የሚያውቃት በመንገዷ መጨናነቅና በእንጀራ መሸጫዎቿ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቢነዳ ግን በፖቶማክና በራፓሃኖክ ወንዞች መካከል የተዘረጋች ጠባብ ምድር ያገኛል፤ ኖርዘርን ኔክ ይሏታል። እኔን እዚያ የወሰደኝ በባርነት ዘመን የአካባቢው ታላላቅ ባለርስት የነበሩት የካርተር ቤተሰቦች ኑዛዜ ነው። የርስት ክርክር እየሰማ ያደገ ሰው መዝገብ ቤት አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። መንገዱ በቆሎና አኩሪ አተር ነው፤ ስለ መንገዱ ሌላ የምለው የለኝም።

ላንካስተር የተባለችው አውራጃ ፍርድ ቤት መዝገቦች ከ1652 ጀምረው ይገኛሉ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ብዙ የቨርጂኒያ አውራጃዎች መዝገባቸው በእሳትና በጦርነት ስለጠፋ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። የዚያ ዘመን ኑዛዜ «በእግዚአብሔር ስም፣ አሜን» ይልና ነፍስን ለፈጣሪ፣ ሥጋን ለአፈር ሰጥቶ ቶሎ ወደ ገንዘቡ ይገባል። አልጋ፣ ላም፣ የብር ማንኪያ፣ አንዲት ሴት ከነልጇ፤ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ይወረሳሉ።

ጽሕፈቱ ግን ፈተና ነው። «ኤስ» የምትባለው ፊደል ቁርጥ «ኤፍ» ትመስላለች። አንድ ገጽ ላይ ተጣብቄ ስቀር ከጎኔ የተቀመጡ ጥቁር አሜሪካዊት እናት አይተውኝ ኖሮ፣ እርሳሳቸውን አንስተው የዘመኑን ፊደላት አንድ በአንድ ጻፉልኝ። እሳቸው የመጡት የራሳቸውን ሰዎች ፍለጋ ነው፤ የሚፈልጓቸው ግን እንደ ወራሽ ሳይሆን እንደ ውርስ የተጻፉትን ነው። «ልጄ፣ በኑዛዜው ብቻ አትመን» አሉኝ። «ኑዛዜ ሟቹ የፈለገውን ይነግርሃል፤ የነበረውን ማወቅ ከፈለግክ የንብረት ቆጠራውን እይ።» ይህን ምክር ጠበቃ ቢሰጠኝ ኖሮ ያስከፍለኝ ነበር።

«ንጉሥ» የሚል ቅጽል የወጣለት ሮበርት ካርተር በ1732 ሲሞት ወደ 300,000 ኤከር መሬትና ወደ 1,000 የሚጠጉ በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩት። ጋሻውን በ40 ሄክታር ብናስበው 3,000 ጋሻ ገደማ መሆኑ ነው። ሀብቱ እንዴት እንዲህ እንደገነፈለ የሚገባው የወኪልነቱን ታሪክ ያየ ሰው ነው። ኖርዘርን ኔክ በእንግሊዝ ንጉሥ ስጦታ የመኳንንት ይዞታ ነበረች፤ ኋላ ለፌርፋክስ ቤተሰብ ደረሰች። በእነርሱ ስም መሬት የሚያድለው ካርተር ነበር፤ ለራሱና ለቤተሰቡም አደለ። ባለጉልቱ ባሕር ማዶ ተቀምጦ ምስለኔው ጠገበ።

ማታ ያረፍኩበትን ሞቴል ስም አልጠራም። በረዶ የሚሠራው ማሽን ከራስጌዬ ግድግዳ ጀርባ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ አደረ። ጠዋት ሒሳቡ ላይ «የመዝናኛ አገልግሎት» የሚል 25 ዶላር ተጨምሮ አገኘሁ። መዝናኛው ምን እንደሆነ ብጠይቅ ልጁ ውኃ የሌለበትን ዋና ገንዳ አሳየኝ። ቀኑ ደግሞ ዓርብ ነው። አካባቢው በሸርጣንና በኦይስተር የታወቀ ስለሆነ የጾም ነገር ስጠይቅ አስተናጋጇ ከልቧ አሰበችና «ሰላጣ አለ፣ ዶሮውን አወጣልሃለሁ» አለችኝ። ድንች ጥብስ በልቼ ወጣሁ።

ካርተር ያሠራው ክራይስት ቸርች አሁንም ቆሟል፤ ግንቡ ወፍራም፣ መቀመጫዎቹ እንደ ሳጥን የታጠሩና በር ያላቸው። አባቱ ጆን ካርተር ከሚስቶቹ ጋር ውስጥ መሠዊያው አጠገብ ተቀብሯል፤ እሱ ራሱ ውጭ፣ በላቲን የተጻፈበት የእብነ በረድ መቃብር አለው። ጽሑፉ ያሞግሰዋል። አሳልፎ የማሞገስ ነገር እኛም አገር ስላለ አልፈረድኩበትም።

እኔን ያስገረመኝ የልጅ ልጁ ነው። ሦስተኛው ሮበርት ካርተር አባቱና አያቱ በአንድ ዓመት ሲሞቱ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበር። አድጎ ኖሚኒ ሆል በተባለ ርስቱ ላይ ከበረ፤ እርሻዎቹንም ሐመል፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሚዛን እያለ በከዋክብት ስም ጠራቸው። ከዚያ ባፕቲስት ሆነ። በ1791 ደግሞ ለኖርዘምበርላንድ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ያስገባው ሰነድ 452 ሰዎችን በስምና በዕድሜ ዘርዝሮ ነጻ የሚያወጣ ነበር። ሰነዱን በማይክሮፊልም ሳየው እርሻው፣ ስሙ፣ ዕድሜው በመስመር ተደርድሯል፤ የቤተሰቡን የንብረት ቆጠራ የለመደ ዓይን መጀመሪያ ልዩነቱን አያየውም። ሁሉንም ባንድ ቀን ግን አልለቀቀም። በየዓመቱ 15 ሰው፣ ታላላቆቹ ቀድመው፤ ልጆቹ ደግሞ ሴቶቹ 18፣ ወንዶቹ 21 ዓመት ሲሞላቸው። ያስለቀሰኝም ያናደደኝም ይሄ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ስም አጠገብ ቁጭ ብዬ ቀሪዎቹን ዓመታት በጣቴ ቆጠርኩ።

ጎረቤቶቹ ግን ይህም በዛባቸው። ካርተር በ1793 ወደ ባልቲሞር ሄደ፤ ሰዎቹን ነጻ የማውጣቱንም ሥራ ቤንጃሚን ዶውሰን ለተባለ የባፕቲስት ሰባኪ በውክልና ተወለት።

ኖሚኒ ሆል በ1850 ተቃጥሏል፤ ቦታው የግል ስለሆነም ከመንገድ ዳር ሆኜ ነው ያየሁት። ካርተር በ1804 ባልቲሞር ሲሞት አስከሬኑ ወደ ኖሚኒ ሆል ተመልሶ በአትክልት ቦታው ተቀበረ፤ ድንጋይ አልቆመለትም። ምልክት የሌለው መቃብር ደግሞ ምን ሊነግረኝ? ቀጣዩ ጉዞዬ ወደ ሪችመንድ ነው፤ እኚያ እናት ያሉኝን የ«ንጉሥ» ካርተርን የንብረት ቆጠራ ለማየት።