ጢያ ላይ ፀሐይ መጠበቅ

ጉዞውን ያቀድሁት በካርታ ነበር። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ መውጣት፣ በቅርብ ያለውን የቅድመ ታሪክ ቦታ፣ መልካ ቁንጡሬን ማየት፣ ከዚያ አዳዲ ማርያም፣ መጨረሻ ላይ ጥንታዊ የቆሙ ድንጋዮች ያሉባት ጢያ። ገና ከተማውን ሳንለቅ አክስቴ፣ «ቤተ ክርስቲያን ሳንሳለም ድንጋይ ልናይ ነው?» አሉ። ዕቅዴ እዚያው መኪናው ውስጥ ፈረሰ።

አዳዲ ማርያም ከሩቅ አትታይም። ቤተ ክርስቲያኗ ከአለት ተፈልፍላ የተሠራች ስለሆነች የሚደርሱባት ወደ ታች ወርደው ነው። በትውፊት የንጉሥ ላሊበላ ሥራ ናት ይባላል። ከላሊበላዎቹ ጋር ስትነጻጸር ትንሽና ሸካራ ናት፤ እኔን ግን የማረከኝ ሸካራነቷ ነው፤ ግድግዳዋን ሳይ ሰው በእጁ የፈለፈላት መሆኗ ይበልጥ ተሰማኝ። የቅዳሴውን ሰዓት አስቀድሜ ባለመጠየቄ ግን ውጭ ሁለት ሰዓት ያህል ቆምን። አክስቴ አልከበዳቸውም፤ የመጡት ለዚያ ነውና።

ጢያ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ቅር አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 36 ድንጋዮች ፊቴ ቆመዋል፤ 32ቱ ቅርጽ አላቸው ይባላል፤ እኔ የማየው ግን ግራጫ ድንጋይ ብቻ ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ስለነበረች ጥላ የሚባል የለም፤ ቅርጹ ከድንጋዩ ጋር አንድ ሆኖ ጠፍቷል። ያነሳኋቸው ፎቶግራፎች ሁሉ ለመጣል የሚበቁ ነበሩ።

አክስቴ «የግራኝ ድንጋይ» አሉ፣ በአካባቢው እንደሚባለው። አስጎብኚው ወጣት ፈገግ ብሎ፣ «እማማ፣ ከሥራቸው የተቆፈሩት መቃብሮች እኮ ግራኝን ይቀድማሉ» አላቸው። መቃብሮቹ ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚደርሱ ናቸው፤ ግራኝ አሕመድ ደግሞ የ16ኛው ሰው ነው። የተቀበሩትም አብዛኞቹ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚሆኑ ወጣቶች ናቸው፤ እንደ ፅንስ ተጣጥፈው ነው የተገኙት። አክስቴ ጥቂት ዝም ብለው፣ «የእናቶቻቸውን አንጀት!» አሉ። ከዚያ በኋላ የግራኝን ነገር አላነሱም።

«ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለሱ» አለን ልጁ። ከተማው ውስጥ ቆጮ በአይብና በጎመን በልተን፣ አሥር ሰዓት ላይ ተመለስን። ያው ሜዳ ነው፤ ድንጋዮቹ ግን ሌላ ሆነዋል። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ በድንጋዮቹ ላይ የተቀረጹት ጎራዴዎች አንድ በአንድ ወጡ፤ እጀታው ከስለቱ ተለይቶ ይታያል። ከጎራዴዎቹ በታች የ«ሠ» ፊደል የሚመስል ምልክት አለ፤ ምን ማለት እንደሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም። አስጎብኚው የጎራዴው ቁጥር ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ብዛት ያሳያል ብሎናል። እኔ በዚህ እርግጠኛ ለመሆን አልደፍርም፤ አንዱ ድንጋይ ላይ ግን ደጋግሜ ስቆጥር ራሴን አገኘሁት።

በዚህ ምክንያት መልካ ቁንጡሬ ስንደርስ ሙዚየሙ ተዘግቶ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉዞውን ገልብጬ ሄድሁ፤ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስተን በቀጥታ ጢያ። የጠዋቱም ብርሃን እንደ ማታው ከጎን ስለሚመጣ ቅርጾቹን አውጥቶ ያሳያል። አዳዲ ማርያምን ከቅዳሴ በኋላ ተሳለምን፤ ከሰዓት በኋላው በሙሉ ለመልካ ቁንጡሬ ተረፈ። በአዋሽ ዳር ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጭት መንደር ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ለእኔ የጉዞው እንብርት ባልጭት ሆነች። ከእግር በታች የሚያብረቀርቀው ጥቁር ድንጋይ፣ ባልጩቱ፣ የጥንት ሰዎች መሣሪያቸውን የጠረቡበት ነው፤ በጉራጌ ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎችም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲሠሩበት ኖረዋል። አክስቴ ጎንበስ ብለው አንድ ስባሪ አነሱ፤ ከጣታቸው ጥፍር አይበልጥም። «አያቴ ልጆችን የሚላጩት በዚህ ነበር» አሉ፣ ጫፉን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ።

«ከቦታው ማንሳት ክልክል ነው፣ እማማ» አላቸው አብሮን የነበረው ልጅ።

ቀስ ብለው ወደ ነበረበት መለሱት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቀለሉ፤ ነጠላው ላይ ቀይ ነጥብ ታየች።