«ዘምሰልቭስ» ያስጻፈው ማስጠንቀቂያ

አንድ ማሽን በሥራ መሀል ቆመ። የሁለተኛው ፈረቃ ቴክኒሻን «ዘይቱን ሳይቀይር ነው ያስረከበኝ» አለ፤ የመጀመሪያው «ዘይቱ ተቀይሯል፣ አሠራሩ ነው የገደለው» ብሎ መለሰ። የፈረቃ ኃላፊው ክርክሩን በእንግሊዝኛ ሪፖርት ላይ ሲያሰፍር «ዘ ቴክኒሻንስ ብሌምድ ዘምሰልቭስ» ብሎ ጻፈ። ሊል የፈለገው «እርስ በርሳቸው ተወቃቀሱ» ነበር። አማርኛ የማያውቀው የበላይ ኃላፊ ግን «ሁለቱም ጥፋቱ የእኛ ነው አሉ» ብሎ ተረዳው፤ ለሁለቱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲዘጋጅ አዘዘ። ደብዳቤው ሊፈረም ሲል ቴክኒሻኖቹ «መቼ አመንን?» ብለው ተነሡ። ከጠዋት ጀምሮ የተስማሙበት ነገር ይኸው ብቻ ነበር።

መጻፍ የነበረበት «ብሌምድ ኢች አዘር» ነው። ድርጊቱ ከባለቤቱ ወጥቶ ወደ ራሱ ሲመለስ «ሰልፍ» ወይም «ሰልቭስ» ይገባል፤ አንዱ ሌላውን፣ ሌላውም አንዱን ሲሆን ግን «ኢች አዘር»። አማርኛ ይህን ሁሉ በግሱ ላይ ይጨርሰዋል፦ ታጠበ፣ ተላጨ፣ ተገናኙ፣ ተወቃቀሱ። ስለዚህ ጸሐፊው ለዚያች «ተ» እንግሊዝኛ ምትክ ሲፈልግ ያልተጠራውን ተውላጠ ስም ይጠራል። «ዊ ሜት አወርሰልቭስ» የሚባለውም ከዚሁ ይመጣል፤ «ዊ ሜት» ይበቃል። «ሂ ሼቭድ» ሲባልም መላጨቱ የራሱን ጺም መሆኑ ግልጽ ነው። «ኢንጆይ» ግን ተሳቢ ካላገኘ አይቆምም፦ ወይ «አይ ኢንጆይድ ዘ ሚቲንግ»፣ ወይ «አይ ኢንጆይድ ማይሰልፍ»።

ያው ሪፖርት ሲዘጋ «ፕሊስ ኮንታክት ማይሰልፍ ኦር ዘ ስቶር ኪፐር» ይላል። ይህ ትሕትና እየመሰለ በቢሮ ደብዳቤ ውስጥ የተስፋፋ ስህተት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሌላውን ሰው አውጥቶ ማንበብ። «ፕሊስ ኮንታክት ማይሰልፍ» ጆሮን ይቆረቁራል፤ «ሚ» ነው የሚገባው። በትእዛዝ ዐረፍተ ነገር ያልተጻፈው ባለቤት «ዩ» ስለሆነ ወደዚያ ባለቤት የሚመለሰው «ዩርሰልፍ» ወይም «ዩርሰልቭስ» ብቻ ነው።

በ«ሰልፍ» እና በ«ሰልቭስ» የሚያልቁት ቅርጾች ስምንት ናቸው፤ የሚያሳስቱት ግን በተለይ ሁለት ናቸው። አማርኛ «ራሱ»፣ «ራሳቸው» እያለ ሁሉንም በአገናዛቢ ስለሚሠራ «ሂስሰልፍ» እና «ዜርሰልቭስ» ማለት ያምራል። መደበኛው እንግሊዝኛ በማይ፣ በዩርና በአወር አገናዛቢውን ይዞ፣ እዚህ ሲደርስ ወደ ተሳቢው ይዞራል፦ «ሂምሰልፍ»፣ «ዘምሰልቭስ»። ምክንያት መፈለግ አያዋጣም፤ መያዝ ነው። «ዩ» አንተንም እናንተንም ቢያጠቃልልም እዚህ ላይ ይለያል፦ ለአንድ ሰው «ዩርሰልፍ»፣ ለብዙ «ዩርሰልቭስ»። «እርስዎ» የምንለው ሰውም ያው አንድ ነው፤ አክብሮቱ «ሰልቭስ» አያስጨምርም።

ሪፖርቱ ሲታረም ሌላ ቃልም ወጣ። ኃላፊው «ራሱ ጠገነው» ለማለት «ሂ ሪፔርድ ኢት ባይ ሂምሰልፍ» ብሎ ነበር። «ባይ» ስትገባ ትርጉሙ «ብቻውን፣ ያለ ረዳት» ይሆናል፤ ሥራው ደግሞ በመመሪያው ሁለት ሰው የሚጠይቅ ነበር። «ባይ» ተሰረዘች፤ ከሥሯም የረዳቱ ስም ተጻፈ።