ዱለስን ቻይና ወስጄ ጣልኩት

በስተመጨረሻ ወጣልኝ! ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት 11,563 ኪሎ ሜትር። በራሴ ኤክሴል፣ ቀመሩን ራሴ ጽፌ። ሌላው ሰው ኢንተርኔት ላይ በአምስት ሰከንድ የሚያገኘው ቁጥር እኔን ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ሳቁ፣ ችግር የለም።

አጀማመሬ ያሳፍራል። የኬክሮስና የኬንትሮሱን ልዩነት ይዤ በፓይታጎረስ አሰላሁና በ111 አባዛሁት፤ አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ብዬ። 13,300 አካባቢ መጣ። መሬት ክብ መሆኗን ረስቼ ማለት ነው። ከዚያ በክብ ነገር ላይ ርቀት የሚያሰላውን የኮሳይኑን ቀመር ያዝኩ። ኤክሴል አንግል የሚቀበለው በዲግሪ ሳይሆን ራዲያን በሚባል ሌላ መለኪያ መሆኑን እስካውቅ ደግሞ አንድ ቀን ሄደ። እሱ ይለፍ።

መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መልሱ 5,085 ኪሎ ሜትር አለኝ። ፍራንክፈርት እንኳን ከዚያ ይርቃል እኮ! ቅንፎቹን ቆጠርኩ። ቀመሩን አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩት። የመሬትን ሬዲየስ ከ6,371 ወደ 6,378 ቀየርኩት፣ እሱ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር የሚያመጣ ይመስል። ሦስት ማታ እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ተስፋ ቆርጬ የዱለስን ቁጥሮች ካርታ ላይ አስገባኋቸው። ምልክቷ የት ብታርፍ ጥሩ ነው? ምዕራብ ቻይና፣ ከካሽጋር ወዲያ፣ የታክላማካን በረሃ ጫፍ ላይ። የዱለስ ኬንትሮስ 77.46 ምዕራብ ነው። እኔ ቁጥሩን ገልብጬ ምዕራብ የሚለውን ትቼዋለሁ። ማይነስ የሌለው 77.46 ለኤክሴል ምሥራቅ ነው። አንዲት ጭረት!

ስለዚህ ምክሬ፣ ከማስላታችሁ በፊት ሁለቱንም ቦታ ካርታ ላይ እዩ። ሃቨርሳይን የሚባለው ሌላው የርቀት ቀመር ካልሆነ አይሆንም የምትሉ ደግሞ ተረጋጉ። እሱ የሚያስፈልገው ለአጭር ርቀት ነው፤ ለዚህ ያህል ርቀት ኮሳይኑ ይበቃል። ለነገሩ እኔም መጨረሻ ላይ መልሴን ያመሳከርኩት እዚያው የማላገጥበት ኢንተርኔት ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ያስጀመረችኝ አክስቴ ናት። አንዴ በደብሊን በኩል ሄዳ «አዙረው አዙረው ገደሉኝ» ስትል ከርማለች። አሰላሁት። ቦሌ–ደብሊን 6,365፣ ደብሊን–ዱለስ 5,464፣ ድምሩ 11,829። ከቀጥታው የሚበልጠው በ266 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው! ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ደብሊን በጣም ወደ ሰሜን የራቀች ትመስላለች። ግን አጭሩ መስመር ራሱ በሊቢያ፣ በአልጄሪያና በስፔን አድርጎ አትላንቲክ ላይ እስከ 45 ዲግሪ ሰሜን ድረስ ይወጣል፤ ዱለስ ያለው 39 ላይ ሆኖ ሳለ።

ደስ ብሎኝ ደወልኩላት። ቁጥሩን ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ታዲያ እግሬ ለምን አበጠ?» አለችኝ።